ጋሼ ወፍ ሲቆጥሩ፦ አንድ ሳምንት በጣና ዳር

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት በጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ሰሞኑን ቤት ሳጸዳ አገኘሁት። ጥቂት ቦታ ከማረሜ በቀር እንዳለ ነው። አብረውኝ የዋሉት ሰው «ስሜን እንዳታነሳ» ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ድሮም የምጠራቸው እንደዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ባሕር ዳር የደረስኩት ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ከተማው ገና ከበዓሉ አልወጣም። አስፋልቱ ዳር የደረቀ ቄጤማ ተከምሯል። የባጃጁ ልጅ ድምፁ ተዘግቷል፤ ታቦት ሲያጅብ ሰንብቶ ነው። «ሐይቁ ዳር አድርሰኝ» አልኩት። «የቱ ሐይቁ ዳር?» አለኝ። ልክ ነው። እዚህ ግማሹ ነገር ሐይቁ ዳር ነው።

ጋሼን አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። አንገታቸው ላይ የርቀት መነጽር አለ፤ ማንጠልጠያው ተበጥሶ በጫማ ክር ተተክቷል። ብብታቸው ሥር ጥቁር ሽፋንና ቀይ ጠርዝ ያለው መዝገብ ይዘዋል። መዝገቡን አውቀዋለሁ። ቅርንጫፋችን ሒሳብ ይሰፍርበት የነበረው ዓይነት ነው።

ልስማቸው ስጠጋ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ቆይ! አሥራ አንድ ላይ ነኝ።»

ቆምኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቀና ስል ዛፉ በትልልቅ ጥቁር ወፎች ተሞልቷል። መንቁራቸው ላይ ሌላ መንቁር የተደረበ ይመስላል። የዋርካውን ፍሬ እየለቀሙ ያንቋርራሉ። «አሥራ ሰባት» አሉ ጋሼ። ጻፉ። ሰዓታቸውን አዩ፤ እሱንም ጻፉ። አቅፈው የሳሙኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት የመጀመሪያ አለቃዬ ነበሩ። እኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ካሸር፣ እሳቸው የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ። ያኔ ሒሳብ የሚዘጋው በእጅ ነው። አንድ ቀን አምስት ብር ጎደለብኝ። ከኪሴ ልክፈልና እንሂድ አልኩ። «ከኪስህ ከከፈልክማ መቼ ልናገኘው ነው?» አሉ። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ፈለግን። አንድ ቫውቸር ላይ የተጻፈች 7 ቁጥር፣ 2 ተብላ ተነብባ ነበር። ሰውዬው እንደዚያ ናቸው። አሁንም።

«እንዴት ወፍ ውስጥ ገቡ?» አልኳቸው። ጠርዙ ላይ ተቀመጥን።

«ከቅርንጫፉ ጀርባ የነበረውን ሾላ ታስታውሰዋለህ?»

አስታውሳለሁ። ሞተር ሳይክል የምናቆመው ሥሩ ነበር። ጋሼ ምሳቸውን የሚበሉት ቢሯቸው ውስጥ፣ በኋላ በኩል ካለው መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። አንድ ቀን ይኸው ባለ ድርብ መንቁር ወፍ ግንዱ ላይ ተለጥፎ ጉሮሮውን ሲያንቀሳቅስ ያያሉ። አንዲት ፍሬ ከጉሮሮው አወጣ። በመንቁሩ ጫፍ ያዛት። ግንዱ ላይ ወዳለች ስንጥቅ ጨመራት። ሌላ አወጣ። ደግሞ ሌላ።

«ዛፉን የሚያበላ መሰለኝ። ለዘበኛው ብነግረው ሳቀብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ግንድ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ትገባለች። ወንዱ አፈር እየዋጠ፣ በምራቁ እያላቆጠ ያቀብላታል። እሷ በዚያ ጭቃ በሩን ከውስጥ ትደፍነዋለች። መንቁር የምታሾልክ ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች። ከዚያ ከሦስት ወር በላይ እዚያው ናት። የእሷም የጫጩቷም ቀለብ የሚመጣው በእሱ ጉሮሮ ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ ያወቁት ኋላ ነው። ያን ቀን ዓይናቸው የገባው ቆጠራው ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ነው የሚያወጣው። ልክ ብር እንደሚቆጥር ካሸር። ሃያ ሦስት ድረስ ቆጠርኩለት። አንድም አልጣለም። ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንደሱ ያለ ካሸር አልገጠመኝም።»

ስድቡ ለእኔ መሆኑ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው።

በማግስቱ ከዕቃ ክፍል ባዶ መዝገብ ጠየቁ። ዋጋውን ከፍለው ደረሰኝ አስቆረጡ። ጡረታ እስኪወጡ ሁለት መዝገብ ሞሉ፤ ይህ አምስተኛው ነው። ዓምዶቹን አሳዩኝ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ብዛት፣ የሳይንስ ስም፣ የአገር ስም፣ ምስክር። ከሁሉም የሚያሳዝነው «የአገር ስም» የሚለው ነው። ከላይ እስከ ታች ባዶ። አገራችን ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ ይታያል። እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ ትልቁን አሞራ፣ ትንሹን ወፍ ብለን ጨርሰናል።

እራት ሐይቁ ዳር በላን። «ጉላሽ አለ?» አልኩት አስተናጋጁን። «ወፍ የለም!» አለኝ። «ዓሣ ጥብስ ብቻ።» ጋሼ ከምግብ ዝርዝሩ ቀና አሉ። ውሃው ላይ ሁለት ፔሊካኖች ይንሳፈፋሉ። በጣታቸው አሳዩት። «እነሱስ? ይህን ንግግር አልወደውም፤ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠህ ደግሞ!» ልጁ ግራ ገብቶት ሳቀ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ወፍ ሳይንጫጫ ተነሳን። ጋሼ ይህን አባባል በሰዓት ያውቁታል።

በታንኳ ሄድን። ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው። ጥበቡን ይዘው የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገል ሲደርቅ ቀላል ነው፤ ግን ውሃ ይጠጣል። በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፤ ቆይቶም ይበሰብሳል። ቀዛፊው ከኋላ፣ እኛ ከፊት። መቀመጫዬ ገና ከዳሩ ሳንርቅ ረጠበ። ጋሼ ፌስታል አንጥፈዋል። ለእኔ አልነገሩኝም።

የሄድነው ወደ ደብረ ማርያም፣ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጎደጎደ በሚባልበት 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩ ጭቃና ደንገል ነው፤ ወፍ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንፉን ያራግባል። ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ሦስቴ ሲስት አየሁት። በአራተኛው ዓሣውን ይዞ ደንገል ላይ አረፈና ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ቀጠቀጠው።

ለምን ጥር እንደሚመርጡ ጠየቅኳቸው። በዚህ ወር በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፍ ይቆጠራል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚደረግ ነው። ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርድ ሸሽተው የመጡት በጥር ተረጋግተው ይቀመጣሉ። ከቦታ ቦታ ብዙ አይዞሩም፤ አንዱን ሁለቴ የመቁጠር ዕድል ይቀንሳል። «ካዝና የሚቆጠረው በሩ ከተዘጋ በኋላ አይደል?» አሉ።

ብዛት ሲሆን አንድ በአንድ አይቆጥሩም። አሥሩን ቆጥረው የአሥሩን ስፋት በዓይናቸው ይይዛሉ። ከዚያ በዚያች ስፋት መንጋውን ይሸነሽኑታል። «እስር» ነው የሚሉት፤ ባንክ ቤት መቶ ኖት አንድ እስር እንደሚባለው። እኔም ሞከርኩ። ዛፍ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚያሰጡትን ጥቁር ጠላቂ ወፎች 80 አልኩ። እሳቸው 112። ቀዛፊው ሳይጠየቅ «መቶ ይሞላሉ» አለ። ተሸነፍኩ።

ጭቃው ላይ ነጭ ገላ፣ ጥቁር ራስ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ መንቁር ያላቸው ወፎች ተሰልፈዋል። ጋሼ እዚህ ጋ ሁሌም አንድ ታሪክ ያወራሉ መሰለኝ፤ ቀዛፊው መቅዘፉን ራሱ አቆመ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ የደረሰው ሰውዬ፣ ይህን ወፍ «አቡ ሐኒስ» ብሎ መዝግቦታል። አባ ዮሐንስ ማለት ነው። የጥንት ግብጾች የሚያመልኩት፣ አድርቀው የሚቀብሩት ወፍ ነበራቸው። ኋላ ኩቪየ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ከመቃብር የወጣውን የደረቀ ወፍ አጥንት መርምሮ ከብሩስ ወፍ ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ዛሬ ግብጽ ውስጥ የዱሩ ዘር ጠፍቷል። ባሕር ዳር ግን ቆሻሻ መጣያ ላይ ሳይቀር ይታያል። የፈርዖን አምላክ የተጣለ አንጀት ሲጎትት ማየት ይከብዳል፤ እኔ እንጃ፣ እኔን አሳቀኝ።

አንዲት ነጭ ወፍ ከጎናችን ተነስታ በረረች። ቀዛፊው «ሳቢሳ» አለ። ጋሼ መዝገቡን ከፈቱ። በቀደም ሌላ ሰው ሳቢሳ ያላቸው ከብት ተከትላ የምትሄደዋን ነበር፤ ይቺ ሌላ ናት። ከዚያ በፊት አንዲት እናት ሦስተኛ ወፍ አሳይተዋቸዋል። «ሦስት ምስክር፣ ሦስት ወፍ» ብለው ከዘጉት በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

ዓርብ ስለሆነ ምሳ ሽሮ። ከሰዓት ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ወርኃዊቷ ኪዳነ ምሕረት ናት። ዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ዛሬ ሰው ይበዛል። እኛም በሞተር ጀልባ ሄድን። መንገድ ላይ ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፉ አገኘን። በአንዱ ማገዶ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ተሳፍራለች። ጋሼ ስሟን ማንንም አልጠየቁም።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ሁሉም ጽፏል፤ እኔ እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ ጫካው ነው። በጣና ዳርቻ ይህን ያህል ዛፍ የቀረው በገዳም ዙሪያ ነው። ዘጌ ላይ በቀድሞው ሥርዓት በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም። መስራቹ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላል ትውፊቱ። ሕዝቡም በዚያው ኖረ። ቡናው ጥላ ይፈልጋል። ጥላው ትልልቅ ዛፍ ነው። ትልልቁ ዛፍ ላይ ደግሞ የጋሼ ሥራ አለ።

መጀመሪያ ያየነው ቱራኮ የሚሉትን ነው። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል። ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፣ ጉንጩ ነጭ። ሲበር ክንፉ ይከፈትና ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለው። ቃል በቃል ማለቴ ነው፤ ሳንቲም የሚሠራበት መዳብ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሰው ሰምቶ እንዳያድነው የሰጉ ይመስል።

አንድ መሪጌታ ከቅዳሴ ወጥተው ቡና ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩን ቆዩና ጠሩን።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው ቀና ቀና የምትሉት?»

«ወፍ ነው አባቴ።»

«ልትበሉት?»

«ልንቆጥረው።»

ሳቁ። «ሙሴ ቆጥሮት የለም እንዴ!» ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ከኦሪት ዘሌዋውያን የማይበሉትን ወፎች ወረዱት፤ ጭልፊቱን፣ ጉጉቱን፣ እርኩሙን፣ ጋጋኖውን፣ የውሃ ዶሮውን፣ ይብራውን፣ ሽመላውን፣ ሳቢሳውን። ጋሼ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይሮጣሉ። ስክሪብቶው አልቆ ነበር፤ የእኔን ነጠቁኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጉት ዓምድ በአንድ ሰው አፍ ሲሞላ አየሁ።

«ጋጋኖ የትኛዋ ናት አባቴ?»

«አንገቷ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለላት፣ የምትጮኸዋ ናታ! ጋ፣ ጋ፣ ጋ ትላለች። ስሟን ራሷ ትጠራለች።»

ጋሼ ፊታቸው በራ። ያቺን ወፍ ያውቋታል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኝ፣ የአባ ዮሐንስ ዘመድ ናት። ጠዋት ጠዋት በከተማ ላይ ስታልፍ የምትጮኸው ጩኸት እንቅልፍ ይነሳል።

«እርኩምስ?»

«መሬት ለመሬት የሚሄደው፣ ትልቁ ጥቁር።»

እሱንም ያውቁታል። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስሙን «እርኩም» ብሎ ጽፎታል። ይህ ስም ቢያንስ አልጠፋም።

«ሳቢሳስ?»

መሪጌታ አሰቡ። ጭራቸውን አራገፉ። «ሳቢሳ… ሳቢሳማ ሳቢሳ ናት» አሉ።

ጋሼ ያቺን ባዶ ተዉአት።

እነሱ ሲያወሩ እኔ ቀና ብዬ ነበር። ከራሳችን በላይ፣ ምናልባት አሥር ሜትር ከፍታ ላይ፣ አንድ አረንጓዴ በቀቀን ፍሬ በእግሩ ይዞ ይበላል። አናቱ ቢጫ ነው፤ የእንቁላል አስኳል ቢጫ። ፍሬውን እያዟዟረ ይልጣል፤ ልጣጩ ትከሻዬ ላይ ይወርዳል። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ለምን እንዳልተናገርኩ አላውቅም። የእኔ ብቻ ሆኖ ትንሽ እንዲቆይ ፈልጌ ይሆናል። ጋሼን ስነካቸው ሄደ።

ጀልባ ላይ ነገርኳቸው። «ቢጫ አናት? እርግጠኛ ነህ?» አሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ ነው። ዘንድሮ መዝገባቸው ላይ የለም። «ስንት ሰዓት ነበር?» ሲሉ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ቀጥ አለ።

ቤንዚን አልቋል። ባለጀልባው ጠዋት «ሙሉ ነው» ብሎን ነበር፤ አሁን ደግሞ «ከሰው ብዛት ነው» ይላል። ሦስት ነን። ነፋሱ ወደ መሀል ይገፋናል። ከአንድ ሰዓት በላይ ተንሳፈፍን። ሌላ ጀልባ አግኝቶ ጎተተን። ዳር ስንደርስ ጨልሟል። ባለጀልባው ሙሉ ሒሳብ ጠየቀ። ጋሼ ሙሉውን ከፈሉ፤ ግን ቆጥረው፣ እንደገና ቆጥረው፣ ሰውዬው እስኪሰለች ድረስ ቆጥረው።

እሁድ፣ ጥር 17

ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ እሳቸው ቤት ምሳ። እትዬ ዶሮ ሠርተዋል። «ከወፍ ዘር ይቺን ብቻ ነው የሚያስነካኝ» አሉኝ ሲያጎርሱኝ።

በቡናው ላይ ጋሼ ስለ ዋልተር ሮትሽልድ አወሩ። የዚያ የታወቀው የእንግሊዝ ባንክ ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ወደ ቤተሰቡ ባንክ አስገቡት፤ ልቡ ግን ወፍ ላይ ነበር። በ1908 እስኪለቅ ድረስ ባንኩ ውስጥ ያለ ፍላጎቱ ተቀመጠ። ትሪንግ በምትባል ከተማ የራሱን ሙዚየም ከፈተ። ሜዳ አህያ ሠረገላ ላይ ጠምዶ ለንደን ውስጥ ነድቷል። ወደ 300,000 የሚጠጋ የወፍ ቆዳ ሰብስቦ፣ በ1932 ገንዘብ ሲቸግረው አብዛኛውን ለኒውዮርክ ሙዚየም ሸጠ።

«ሚስቱ ምን አለች?» አሉ እትዬ።

«አላገባም።»

«እኮ!» አሉና ሁለተኛውን ሲኒ ቀዱ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ፎገራ። የጎንደርን መንገድ ይዘን ሐሙሲትን አለፍን። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይዘረጋል። ክረምት ሲሆን የጉማራና የርብ ወንዞች ይሞሉና ሜዳውን ውሃ ይተኛበታል። በደርግ ዘመን ሩዝ የገባው ለዚህ ነው። አሁን ሩዙ ታጭዷል፤ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ በቅሏል።

ጠዋቱን በከንቱ ዋልን። ሐይቁ ዳር ስንወርድ ውሃው አይታይም። እምቦጭ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ በምሥራቁና በሰሜኑ ዳርቻ ተንሰራፍቷል። ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር ሜዳ ነው፤ ሐምራዊ አበባም አለው። ገበሬዎች በእጃቸው እየነቀሉ የከመሩት ዳር ላይ ደርቋል። አንድ ወፍ ግን ተመችቶታል። እግሩ ከገላው ጋር የማይመጣጠን፣ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ቀይ ቡናማ ወፍ ቅጠሉ ላይ ይራመዳል። ጣቶቹ ክብደቱን ስለሚያከፋፍሉለት አይሰምጥም። ጋሼ 9 ብለው ጻፉ። በደስታ አልነበረም።

ከሰዓት አንድ እረኛ አገኘን። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ወንጭፍ ይዞ ጓያ ይጠብቃል። «ሽመላ ትፈልጋላችሁ?» አለን ሳንጠይቀው። እዚህ ጋ ሽመላ ማለት እግረ ረጅም ሁሉ ነው። ጋሼ ጉልበታቸውን አጥፈው ከልጁ እኩል ሆኑ።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ኅዳር ላይ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ትሄዳለች።»

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ። ወደ ጎንደር በኩል ነው የምትነሳው። እዚህ አትወልድም።»

ጋሼ የልጁን ቃል እንዳለ ጻፉት። ምስክር በሚለው ዓምድ «የጓያ ጠባቂ» አሉ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ መጽሐፍ ላይ ያለውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ግራጫዋ ሽመላ በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረግ ትፈለፈላለች፤ ብርዱን የምታሳልፈው እዚህ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጁ «መጡ» አለ። ምንም አይታየኝም። ከዚያ ሰማሁ። የጥሩምባ ድምፅ ነው፤ ግን ከሁሉም አቅጣጫ፣ ከሩቅ፣ ከከፍታ። ቀጥሎ መስመሩ ታየ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። አንገታቸው ወደፊት፣ እግራቸው ወደኋላ ተወጥሯል። ከእርሻው ወደ ማደሪያቸው፣ ቁርጭምጭሚት ወደሚደርስ ውሃ እየወረዱ ነው። ጋሼ በእስር ይቆጥራሉ። ድምፃቸው ይሰማኛል፤ «ሁለት መቶ አርባ… ሃምሳ… ስልሳ…» እኔ መቁጠሬን ተውኩት። ከመሀላቸው ሁለት ወርቃማ ዘውድ ያላቸው፣ የእኛው አገር ተወላጆች አረፉ። አንዱ ክንፉን ከፍቶ ዘለለ። ሌላዋም ዘለለች። ልጁ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አድርጎ እጁን አጣጥፎ ያያል። በየቀኑ የሚያያቸውን ነው እንግዲህ።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ» አሉ ጋሼ ሲጨልም። ከዚያ «ጨለማው ውስጥ የመጡትን አልቆጠርኩም» ብለው ያንንም ጻፉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ የት እንደምንሄድ አልነገሩኝም። ባጃጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁን ተከትሎ ሄደና ግማሹ የፈረሰ የድንጋይ አጥር ጋ አቆመን። ውስጡ የተደለደለ ጠጠር ነው። መሀል ላይ ጣሪያ ያልለበሰ የኮንክሪት ምሰሶ ቆሟል።

«ታስታውሰዋለህ?» አሉ።

ቦታውን አይቼው አላውቅም። የተበዳሪውን ስም ሲነግሩኝ ግን አስታወስኩ። የመዝናኛ ቦታ ነበር ፕሮጀክቱ። ብድሩን የፈረሙት ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያውን ክፍያ ቆጥሬ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። እስሮቹን ጠረጴዛ ላይ ስደረድር ሰውዬው ሻይ ልጋብዛችሁ ማለቱ ትዝ አለኝ።

«የጥናቱ ወረቀት ላይ መሬቱ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ? ጥቅም ላይ ያልዋለ ረግረጋማ መሬት።» ደንገሉ ተቆረጠ፤ ሃያ ሃያ መኪና አፈር እየተገለበጠ ተሞላ። ሥራው ጥቂት ዓመት ሄዶ ቆመ። ብድሩ ግን በወቅቱ ተከፍሏል። ፋይሉ ንጹሕ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት በዚያ ዓመት ቅርንጫፉን አመስግኗል፤ ደብዳቤውን እኔም አንብቤዋለሁ።

ጋሼ በየወሩ እዚህ መጥተው አንድ ሰዓት ይቆጥራሉ። ጠጠሩ ላይ ተቀመጥን። ሰዓታቸውን አስተካከሉ። ምንም አልተነጋገርንም። ሁለት ቢጫ ሆድ ያላቸው ትንንሽ ወፎች ጭራቸውን እያወዛወዙ ጠጠሩ ላይ ሮጡ። ከአውሮፓ የመጡ ናቸው፤ ለእነሱ ጠጠርም ይበቃል መሰለኝ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ደንገል ከቀረበት በኩል፣ ብዙ ድምፅ ይሰማል።

ሰዓቱ ሞላ። «2» ብለው ጻፉ።

«በፊት ስንት ነበሩ?» አልኳቸው።

«አልቆጠርኩማ» አሉ። «ያኔ ወፍ አላውቅም። መነሻ ሒሳብ የለውም።»

መዝገቡን ዘጉ። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ የጫማ ክሩን ሲፈቱና ሲያስሩ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ። ጋሼ በዚያ ብርድ ሊሸኙኝ መጥተዋል። ዳቦ በፌስታል ይዘውልኛል፤ እትዬ ናቸው። አውቶቡሱ ሲነሳ እኔን እያዩ አልነበረም፤ የመናኸሪያው መብራት ላይ የተቀመጠች ጉጉት አይተዋል።

ደጀን ለምሳ ቆመን ስልኬ ጮኸ።

«ሰማህ፣ የዘጌውን ገጽ እያጸዳሁ ነው። ያቺ በቀቀን፤ ስንት ሰዓት ነው ያየሃት?»

ማስታወሻዬን አገላበጥኩ። የአናቷን ቢጫ ጽፌያለሁ። ትከሻዬ ላይ የወረደውን ልጣጭ ጽፌያለሁ። ሰዓት የለም።

«አራት ሰዓት ገደማ ይመስለኛል ጋሼ። አራት ተኩልም ሊሆን ይችላል።»

«ጽፈኸዋል?»

«አልጻፍኩም።»

«ከአንተ ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

ወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል። ስክሪብቶ ከጠረጴዛ ላይ አነሱ።

«እንግዲያስ ወፍ የለም» አሉኝና ዘጉት።